እግዜር ከሥዕሉ የወጣበት ቀን

ልጄ ማዕረግ ምን እንደምትሠራ ሰው ሲጠይቀኝ ጭንቅ ነው የሚለኝ። ሐኪም ብትሆን ሐኪም ናት ብዬ እገላገል ነበር። እሷ ግን ጎንደር ተቀምጣ የኔትወርክ ሶፍትዌር ትሠራለች። አንድ ቀን እዚሁ መተማ፣ ገንዳ ውሃ ገበያ ላይ ይሄንኑ ቃል አምልጦኝ ብናገር፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ መጣብኝ። «እትዬ የዓለምወርቅ፣ እባክዎ ለልጅዎ ይንገሩልን፤ እኛ ሰፈር ኔትወርክ ከጠፋ ሰነበተ!» ኧረ የሷ ሌላ ነው ብል ማን ይስማኝ!

የሷ ኔትወርክ የሰው ነው። ማን ከማን ጋር ይውላል፣ ማን ለማን ያወራል፣ ማን የማንን ምክር ይሰማል፤ ይሄን ሁሉ ጠይቃ ኮምፒውተሩ ውስጥ ታስገባዋለች። ኮምፒውተሩ ሰውን ነጠብጣብ፣ ትውውቁን መስመር አድርጎ ይሥለዋል። ከዚያ ስታቲስቲክሱ ይመጣል። አንድ ወሬ ጠዋት እዚህ ቢነገር እስከ ማታ የት ይደርሳል፣ ማን ጋ ሲደርስ ይቆማል የሚለውን ደጋግሞ እየሞከረ ይገምታል። ይሄን የሚያደርገውን ፕሮግራም ነው ልጄ ከሥር ከመሠረቱ የምትጽፈው። አሳቧ የትኛውም የጤና ባለሙያ ላፕቶፑ ላይ ከፍቶ እንዲጠቀምበት ነው። እኔ ይሄን ለመረዳት ብዙ ፈጅቶብኛል፤ እናንተም ቀስ በሉ።

ዘንድሮ ላፕቶፗን አዝላ ልክ የሰሊጥ አጨዳ ላይ መጣችብኝ። ሰሊጥ ለሚያርስ ሰው በአጨዳ ጊዜ እንግዳ መምጣት ማለት ምን እንደሆነ የቆላ ሰው ያውቀዋል። ሰሊጡ ካለፈበት አፉን ይከፍትና መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይለቅመውም። ባሌ ካረፈ ወዲህ እርሻውን የምመራው እኔ ነኝ። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል። ይበሉ። ያንን ሁሉ አጫጅ በለስላሳ ምላስ የሚመራ ካለ ይምጣና ልየው።

«እማዬ፣ ፕሮግራሙን በሠራተኞችሽ ልሞክረው» አለችኝ።

«ሠራተኞቼ ምን አደረጉሽ?»

«ለወባው ነው። አምና የጤና ባለሙያዋ መጣች ሲባል ግማሹ አልሰማም ብለሽኝ የለ? ለነማን ብንነግር ለሁሉም እንደሚዳረስ ፕሮግራሙ ይነግረናል።»

አምና አንድ የጎጃም ልጅ እዚሁ እርሻዬ ላይ በወባ ሞቶብኛል። መርማሪዋ በመጣችበት ቀን ወሬው ሳይደርሰው ቀርቶ ነው። እናቱ ደውላ ያናገረችኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «በይ እሺ፣ በምሳ ሰዓት ብቻ» አልኳት።

ራኩባ በምንለው የሣር ዳስ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ትጠይቃቸው ጀመር። ከማን ጋር መጣህ፣ ከማን ጋር ትበላለህ፣ እያለች ትቀጥልና መጨረሻ ላይ «እዚህ እርሻ ላይ ብትታመም ማን ያስታምምሃል?» ትላለች። ዋናዋ ጥያቄ ይቺ ናት፣ ሥዕሉም የሚሠራው ከሷ መልስ ነው አለችኝ። ሰው ያስታምመኛል ብሎ የሚጠራውን ሰው ምክሩንም ይሰማል አለች። እውነቷን ነው መሰለኝ።

ጠይቃ ጠይቃ ወደኔ ዞረች። «አንቺስ እማዬ?»

«እኔ አጫጅ ነኝ?»

«እርሻው ላይ ነሽ አይደል? ብትታመሚ ማን ያስታምምሻል?»

«እግዜር ነዋ! ሌላ ማን አለኝ?»

«እኔ የለሁም?» አለች፤ ፊቷ ትንሽ ወረድ አለ።

«አንቺማ ጎንደር ነሽ፣ የኔ እናት።»

«እሺ እዚህ ካሉት ንገሪኛ።»

«እዚህ ካሉት ነው ያልኩሽ! እግዜር መተማ የለም ልትይኝ ነው?»

ስቃ ጻፈችው። ቀጥሎ ተራው የደረበ ነበር። እኔም ያንን ሳይ ሥራ እንዳለው ሰው ብድግ ብዬ ሄድኩ። መልሱን ለመስማት ድፍረት አልነበረኝም።

እንግዲህ ደረበን ልንገራችሁ። ከወሎ በየዓመቱ ለአጨዳ ይመጣል። ሌሎቹ ከአገራቸው ልጆች ጋር ተቧድነው ነው የሚመጡት። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ሲጣሉም አብረው ነው። እሱ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይመጣል። ሥራው ሂላ ማቆም ነው። ሂላ የምንለው የታጨደው ነዶ እንዲደርቅ ተደጋግፎ የሚቆምበትን ክምር ነው። እሱ ያቆመውን ሂላ ነፋስ አይጥለውም። ከብት እንዳይገባበት ብሎም እርሻው ጥግ ላይ ብቻውን ያድራል። ሲናገር ድምፁ አይሰማም። እኔ ስጮህ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል፤ እሱን ሳይ ቁጣዬ የት እንደሚገባ አላውቅም።

በየዓመቱ ሲመጣ ከደጋ አንድ እግር ጤና አዳም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣልኛል። በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ደጄ ላይ ይተክለዋል። የኛ አገር ሙቀት ለጤና አዳም አይሆንም። ዓመት ሳይሞላው ይደርቃል። እኔም እስኪደርቅ ድረስ ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣዋለሁ፤ እሱም በዓመቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ለምን እንደሚያመጣልኝ ጠይቄው አላውቅም፣ ነግሮኝም አያውቅም። እወደዋለሁ። ይኸው ተናገርኩት። በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጄን ዩኒቨርሲቲ አስተምሬ ስጨርስ፣ በቀን ሠራተኛዬ ልቤ ተሰረቀ። ማን ሰማኝ? ማንም። ለማን እነግራለሁ?

በማግስቱ ጠዋት ማዕረግ ከክፍሏ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች። «እማዬ፣ ነይ ጉድ እይ!»

ኮምፒውተሩ ላይ ነጠብጣብ እንደ ፈሰሰ ሰሊጥ ተበትኗል። መሃል ላይ አንድ ትልቅ፣ በጣም ትልቅ ነጠብጣብ አለ። መስመሩ ሁሉ ወደሱ ይሄዳል። ከጎኑ ደግሞ ሌሎች መካከለኛ ነጠብጣቦች አሉ።

«ይሄ ማነው እንዲህ የወፈረ?»

«እግዜር ነው!» አለችኝ። «ማን ያስታምምሃል ስላቸው ሁሉም ቅድሚያ እግዜር ነው ይላሉ። ይሄኛው አላህ ነው። ይቺ እመብርሃን ናት፣ ያ መድኃኔዓለም ነው። ፕሮግራሙ ለእግዜር ንገሩት፣ እሱ ለሁሉም ያዳርሳል ብሎኛል።»

«እና ምን ያስቃል? ፕሮግራምሽ ጎበዝ ነው!»

«እማዬ፣ ስለ ወባ ለእግዜር ሄጄ ላስተምረው ነው?»

በሳቅ ሞትን። ሌላ አገር ሆና ጥያቄውን ብትጠይቅ ሰው የሰው ስም ብቻ ይነግራት ነበር መሰለኝ። እኛ ግን ስለ ሕመም ተጠይቀን እግዜርን ሳንጠራ የሰው ስም ብንጠራ አፋችን ይጣመማል ብለን እንፈራለን። ከእግዜር ቀጥሎ ነው እከሌ፣ እከሌ የምንለው። ማዕረግም ጣቷን ሰደድ አድርጋ እግዜርንም፣ አላህንም፣ ቅዱሳኑንም ከሥዕሉ አወጣቻቸው። «ይቅር በለኝ» አለች እየሳቀች። እኔም በልቤ አማተብኩ።

እነሱ ሲወጡ ሥዕሉ ሌላ ሆነ። የጎጃሞቹ በአንድ በኩል፣ የወሎዎቹ በሌላ በኩል ተሰብስበው ወጡ። መሃል ላይ ለሠራተኛው የምታበስለው ኩብራ አለች። ፕሮግራሙ ለሷና ለሌሎች ሁለት ሰዎች ብቻ ቢነገር ወሬው እስከ ምሳ ለሁሉም ይደርሳል አለ።

በሚቀጥለው ቀን በማለዳ እንዳለው አደረግን። ለሦስቱ «ዛሬ ምሳ ላይ አሰበች ራኩባው ጋ ደም ልትመረምር ትመጣለች፤ ራሱን ያመመው፣ የበረደው ሁሉ ይምጣ» ብለን ነገርናቸው። አሰበች የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ናት። በእውነት እላችኋለሁ፣ ምሳ ሳይደርስ ራኩባው ሞላ። አሰበች ጣት እየወጋች መረመረች፣ ወባ ላለበት መድኃኒቱን ሰጥታ፣ አስጠንቅቃ ሄደች። ማዕረግ ማን ከማን እንደሰማ እየጠየቀች ነጠብጣቡን አንድ በአንድ አረንጓዴ ስታደርገው ዋለች።

«እማዬ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አንድም ሳይቀር! ይሄን ለማየት ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ አታውቂም።»

እሰይ የኔ ልጅ፣ አልኳት። ደስ አለኝ። ግን ሰው ክፉ ነው፤ በልጄ ደስታ መሃል እኔ የማስበው ሌላ ነው። ማን ወደኔ መስመር ሳበ? ያንን ነው ማየት የፈለግሁት።

«የኔ ነጠብጣብ የቱ ናት?» አልኳት፣ እንደዋዛ።

አሳየችኝ። ኩብራና ሌሎች ሁለት አጫጆች ስሜን ጠርተዋል። ደረበ ከነሱ ውስጥ የለም። ልቤ እንዴት እንደወደቀ! አንቺ አሮጊት፣ ምን ጠብቀሽ ነበር፣ አልኩ ለራሴ።

«እሺ ደረበስ? ሂላ የሚያቆመው። እሱ ማንን ነው የጠራው?»

ፈለገች። የወሎዎቹን ሁሉ ነካካች። ኩብራ ዙሪያ ያሉትንም አየች። «ደረበ... ደረበ የለም» አለች።

«እንዴት የለም? አልጠየቅሽውም?»

«ጠይቄዋለሁ። ቆይ።» የጻፈችውን ወደኋላ ሄዳ አገኘችው። ፊቷ ቀስ እያለ ሲገረጣ አየሁት። «መልሱ እግዜር ብቻ ነው» አለች። «ሌላ ማንንም አልጠራም። እሱንም ማንም አልጠራውም።»

«እና?»

«ፕሮግራሜ ሥዕሉን የሚሠራው ከመስመሩ ተነሥቶ ነው እማዬ። ማን ማንን ጠራ ከሚለው። መስመር የሌለው ሰው ነጠብጣብ አያገኝም። እግዜርን ሳወጣው ደረበም አብሮ ወጣ። ስህተት ነው፤ የኔ ስህተት። ሁሉም ሰምቷል ያልኩሽ ከሥዕሉ ላይ ያሉት ናቸው። ማንም የሌለው ሰው መጀመሪያ መታየት ሲገባው እኔ ጭራሽ አጠፋሁት።» ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ «አንድ ሰው እንኳ ስሙን ጠርቶት ቢሆን ነጠብጣቡ ይኖር ነበር» አለች።

አንድ ሰው። ያ አንድ ሰው ማን እንደነበር እኔ አውቀዋለሁ። ሌላ ማን አለኝ ብሎ የጮኸው የኔው አፍ ነው።

«ዛሬ ምሳ ላይ አይተሽዋል?» አልኳት።

«አላየሁትም። አንቺስ?»

እኔም አላየሁትም። በዓይኔ ፈልጌው ነበር፤ ሥራ ላይ ሆኖ ዘግይቶ ሊበላ ነው ብዬ ተውኩት። ወጥቼ ኩብራን ጠየቅሁ። ትናንት ማታም አልመጣም፣ ከወሎዎቹ ጋር በልቶ ይሆናል ብዬ ነው አለችኝ። ወሎዎቹን ጠየቅሁ። እኛ ደግሞ ከኩብራ ጋር በልቶ ይሆናል ብለን ነው አሉ። በስመአብ! ሁሉም ሌላው ጋ ነው ብሎ ተማምኗል።

ጉልበቴን ያመኛል የምል ሴት ያን ቀን ሮጥኩ። ጥቁሩ የዋልካ መሬት ተሰነጣጥቆ እግር ይይዛል፤ እንቅፋቱም አልታየኝም። ማዕረግ ከኋላዬ «እማዬ ቀስ!» ትላለች። «ምን ቀስ አለ! ነጠብጣብ ስትቆጥሪ ሰው አልቆልሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ምላሴ ይቆረጥ። ከኋላዬ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ግን አልቆምኩም።

እርሻው ጥግ፣ ያቆማቸው ሂላዎች ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ከመጨረሻው ሥር ተጋድሟል። በዚያ የቆላ ሙቀት ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ግንባሩን ብነካው ያቃጥላል።

«ደረበ! አፈር ስሆን፣ ዓይንህን ግለጥ!»

ገለጠው። አወቀኝ። ለመነሣትም ሞከረ። «እትዬ፣ አይቆጡኝ... ሂላው እኮ አላለቀም፤ ነገ እጨርሰዋለሁ» አለኝ።

«ሂላው ይቃጠል!» አልኩ። «ሰሊጡም ይቃጠል! አንተ ብቻ ትረፍልኝ!»

እኛ አገር ሰሊጥ ሜዳ ላይ ቆሞ ይቃጠል የሚል ሰው አልተወለደም። ማዕረግ እንባዋን እየጠረገች ቀና ብላ አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ትራክተሩን ልትጠራ ሮጠች።

በተጎታቹ ላይ ነዶ አንጥፈን ጫንነው። እስከ ገንዳ ውሃ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ይዤ ሄድኩ። ሰው አየኝ አላየኝ ትዝም አላለኝ። ጤና ጣቢያው ወባው እንደጠናበት ነገሩንና ግሉኮስ ሰክተው መርፌ ጀመሩለት። ነገ ብታመጡት ኖሮ አንመልሰውም ነበር አለችን ነርሷ። ማዕረግ ግድግዳ ተደግፋ ትሰማለች። ሄጄ አቀፍኳት።

«ልጁን ያገኘነው እኮ ባንቺ ሥዕል ነው» አልኳት።

«ሥዕሌማ የለም ነበር ያለው እማዬ።»

«የለም ማለቱ ነው ያስሮጠን። ቅድም የተናገርኩሽን እርሺው፤ እኔ እናትሽ አፌ እንጂ ልቤ እንዲያ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ትከሻዬ ላይ። ቆይታም ቀስ ብላ፣ «እማዬ፣ ‹ልጁ› ያልሽው ሽበታሙን ሰውዬ ነው?» አለችኝ። ይቺን ልጅ!

ሲሻለው ወደ እርሻው ጥግ ይመለሳል ማለት አይታሰብም። ቤቴ አመጣሁት። ሰው አወራ? አወራ። ያውራ። ሾርባ ሠርቼ ተቆጥቼ አስጠጣዋለሁ፣ መድኃኒቱን ተቆጥቼ አስውጠዋለሁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። ማዕረግ ደጅ፣ ከጤና አዳሙ አጠገብ ተቀምጣ ፕሮግራሟን እንደገና ትጽፋለች። አሁን መጀመሪያ ሰዉ ይገባል፣ መስመሩ ኋላ ይመጣል አለችኝ። መስመር የሌለው ሰው በቀይ ጎልቶ ይወጣል፤ ፕሮግራሙም ሌላ ነገር ከማስላቱ በፊት «እነዚህን የጠራቸው የለም፣ መጀመሪያ ሄዳችሁ እዩአቸው» ይላል። እነሱ ታይተዋል ሳይባል ወደፊት አይሄድም። ይሄን ስትነግረኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ወደ ጎንደር የምትመለስበት ቀን ሲደርስ ሻንጣዋን እያሰረች፣ «እማዬ፣ የደረበ ነጠብጣብ እስካሁን ቀይ ነው» አለችኝ። «መልሱን ማደስ አለብኝ። አንቺ ጠይቂልኝ።»

«ለምን አንቺ አትጠይቂውም?»

«እኔን እግዜር ነው ያለኝ» ብላ ዓይኗን ጣል አድርጋብኝ ወደ ደጅ ወጣች።

ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል፤ እጁ ሥራ ካልያዘ አይሆንለትም።

«ደረበ።»

«አቤት እትዬ።»

«ማዕረግ መልስህን አምጪ ብላኛለች። እዚህ ብትታመም ማን ያስታምምሃል?»

ገመዱ እጁ ላይ ቆመ። «እግዜር ብያታለሁ እኮ።»

«እግዜርን ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። ከሰው ተናገር።»

ገመዱን መልሶ መግመድ ጀመረ። የሚናገር አልመሰለኝም፤ ልወጣ ስል፣ «እትዬ፣ አይቆጡኝም?» አለ።

«ሳልቆጣ የዋልኩበት ቀን አለ?»

ፈገግ አለ። ከዚያ ዓይኑን ከገመዱ ሳያነሣ፣ «ያን ቀን እግዜር ያልኩት የርስዎን ስም ላለመጥራት ነው» አለ። «አፌ ላይ መጥቶ ነበር። የቀን ሠራተኛ ሆኜ የባለ እርሻዋን ስም ብጠራ ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ልጅዎ ምን ትላለች? እርስዎስ ቢሰሙ፣ በየትኛው ዓይኔ አይዎታለሁ? በዓመቱ ጤና አዳሙን ይዤ መምጣቴም ሊቀርብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እግዜር አልኩ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። በመስኮቱ የማዕረግ ጀርባ ይታያል፤ ጤና አዳሙን ውሃ ታጠጣለች። የምትሰማ አይመስልም፤ ግን ጣሳው ካለቀ ቆይቷል።

«ደረበ» አልኩት። «እኔም እኮ ያን ቀን እግዜር ነው ያልኩት።»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ገመዱን አስቀመጠ። ቀና ብሎ፣ በነዚህ ሁሉ ዓመታት አይቶኝ በማያውቀው ዓይን አየኝ።

«የዓለምወርቅ» አለኝ።

«አቤት» አልኩት።